የሐሞት ጠጠሬና ያልሰደበኝ ጃራ

ሴጉ ከተማ ውስጥ የበግ ሥጋ የሚጠብስ ሁሉ ቢሰለፍ እኔ ዙማና ትራወሬ አጠገብ የሚደርስ የለም። የእኔ ጥብስ ሲሸት ከጆሊባ ወንዝ ማዶ ያሉ ሰዎች ጀልባ ያስነሳሉ። ጮማውን ለደንበኛ ከማቅረቤ በፊት እኔ እቀምሳለሁ፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ቀምሻለሁ። ስለዚህ ቀኝ ጎኔን ሲያመኝ ተራ ሕመም አልነበረም። ጉማሬን ቢይዘው በእንባው ወንዙን ያጎርፈው ነበር። እኔ ግን ቻልኩት፤ ጩኸቴም ከሦስተኛው ቤት አላለፈም።

ባለቤቴ ናሱን እየጎተተች ሆስፒታል ወሰደችኝ። ቀዶ ሐኪሙ ዶክተር ንጎሎ ጃራ ቀጭን ሰው ነው። ካርዴ ላይ «ትራወሬ» የሚለውን ሲያነብ ፊቱ በራ።

«አንተ አደንጓሬ በላ! ማን በሩን ከፈተልህ?»

«የአያቴን አህዮች ውኃ ሲያጠጣ የኖረ የጃራ ዘር ነጭ ጋዋን ለበሰ? ዘመኑ ከፋ!» ብዬ መለስኩለት።

ናሱን ሳቀች፤ ነርሷም ሳቀች። የትራወሬና የጃራ ዘሮች ሲገናኙ መሰዳደብ ከአባቶቻችን የወረስነው ቀልድ ነው፤ የሚቀየም ካለ እሱ ነው ነውረኛው። አባቴ የሞተ ዕለት ጃራዎች መጥተው በሩ ላይ ተጋድመው፣ «ይሄ ሆዳም አልሞተም፤ ምሳ ሲደርስ ይነሣል» እያሉ ሬሳውን አናስወጣም ብለው አስቀውናል።

ንጎሎ ሆዴን በአልትራሳውንድ አየና፣ «የሐሞት ከረጢትህን ጠጠር ሞልቶታል። በቀዶ ሕክምና ይውጣ። እምቢ ካልክ አንዱ ጠጠር የሐሞቱ መተላለፊያ ላይ ይሰነቀርና ይገድልሃል» አለኝ።

ምን ልበል? ጃራ ትራወሬን «ትሞታለህ» ሲለው እንዴት አደርክ ማለቱ ነው! «ቀብሬ ላይ ልትበላ ቸኩለሃል» ብዬው እየሳቅኩ ወጣሁ።

መንገድ ላይ ናሱን፣ «ቀልዱን አልመሰለኝም» አለች።

«አንቺ የኩሊባሊ ልጅ፣ የእኛን ቀልድ ምን ታውቂያለሽ?»

«እኛ ኩሊባሊዎችስ አንሳደብም? ሰውየው ግን ያንን እያለ ይጽፍ ነበር።»

ነገሬ አላልኳትም። ለሰፈሩም፣ «ሐኪሙ ጠጠሮቼን አይቶ ደነገጠ፤ የዶሮ እንቁላል ያክላሉ» ብዬ አወራሁ።

በአሥራ ሰባተኛው ቀን፣ ሰኞ ቀትር ላይ፣ ገበያው እንደደመቀ ምድጃዬ ፊት ተንበረከክሁ። በዚያ ሙቀት ጥርሴ ይንገጫገጫል። ናሱን የዓይኔን ቆብ ገልጣ አየችና፣ «ቢጫ ሆነሃል» አለች። በባለሦስት እግር ሞተር፣ ባዶ ጆንያ ላይ አስተኝታ ወሰደችኝ። ጎማው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ጎኔ ውስጥ ቢላዋ ይዞር ነበር፤ ይቺ ላይ እንኳ አልጨመርኩም።

ንጎሎ ገባ። እየተንቀጠቀጥኩም ቀደምኩት። «መጣህ፣ የአህያ ጠባቂ! አፍህ ነው የገደለኝ!»

እሱ ግን ከጎድን አጥንቴ ሥር ጫን አደረገኝ፤ ጮህኩ። ትኩሳቴን ለካ፣ ለነርሷ የሆነ ነገር አንሾካሾከላት።

«አልሰማኸኝም እንዴ? አያትህ እኮ…»

«ጋሽ ዙማና» አለ ቀስ ብሎ፣ «ብርድ ብርድ ማለት የጀመረዎት መቼ ነው?»

በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። አባቴን ሬሳ ሆኖ እንኳ ሰድበውታል። እኔን ገና እየተነፈስኩ የሚያከብረኝ ጃራ ምን አይቶብኝ ነው?

«ያን ቀን የነገርከኝ… የምርህን ነበር?»

«የምሬን ነበር። ሲስቁ ሳይ መልሼ ልጠራዎት ይገባኝ ነበር። ጥፋቱ የእኔም ነው።»

ከዚያ ሁሉን ነገረኝ። አንድ ጠጠር ወርዶ መተላለፊያውን ዘግቷል፣ ከረጢቱም መግል ይዟል። መድኃኒቱ በደም ሥሬ እየገባ ነው፤ ግን ሆዴ ዛሬውኑ መከፈት አለበት።

«ባልከፈትስ?»

«ከረጢቱ ይፈነዳል።»

«ብከፈትስ አልሞትም?»

«አይሞቱም ብዬ አልምልም። ዝም ብለን ከተውነው ግን ሐሙስን የሚያዩ አይመስለኝም።»

የስምምነት ወረቀቱን ደረቴ ላይ አስቀመጠው። የአጎቴ ልጅ ባካሪ በእግሩ ሄዶ ለእብጠት ቀዶ ሕክምና ገብቶ፣ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ነው የተመለሰው። እጄ ወደ ብዕሩ አልሄድ አለኝ።

«አንዴ ስደበኝ» አልኩት። «ጃራ የትራወሬን ልመና አይመልስም፤ ሕጋችን ነው። አንዲት ስድብ ብቻ፣ ከዚያ እፈርማለሁ።»

ናሱንን አያት።

«ዛሬ አልችልም» አለ።

ሰባት ትውልድ እምቢ ተብሎ የማያውቀውን እምቢ አለኝ! በሐኪም ቋንቋ የነገረኝ ሁሉ ያኔ ገባኝ። ናሱን ብዕሩን ጣቶቼ መሃል ሰካችልኝ። ፊርማዬ በከተማው የታወቀ ነው፣ ሹሞች ይቀኑበታል፤ ያን ቀን ግን ዶሮ የጫረችው መስሎ ወጣ። ቢሆንም ፈረምኩ።

አራት ሰዎች አልጋውን እየገፉ ወደ ቀዶ ክፍሉ ሲወስዱኝ ናሱን ጫማዬን ታቅፋ ከጎኔ ትሮጣለች።

«ለወንድሞችህ ምን ልበላቸው?»

«በእግሩ ተራምዶ ገባ በያቸው።»

«ውሸታም!» አለች፣ እንባዋ እየወረደ።

«ደግሞም…» ብዬ ልጨምርባት ስል በሩ በመሃላችን ተዘጋ።