መሬት እስኪቀበለው

አናጺው ጊልክሪስት ስምንቱን ካርዶች ከሳንዱቹ ሳህን አጠገብ ደረደሩና እርሳሳቸውን ከጆሯቸው ላይ አውርደው ለሟቹ ወንድም ለአጎት ሄክተር አቀበሉ። በዚህ ሸለቆ የሬሳ ሣጥን የሚሠሩትም፣ መቃብር የሚያስቆፍሩትም አናጺው ናቸው። በየካርዱ ላይ የሣጥን ሥዕል አለ፤ በሥዕሉ ዙሪያ ደግሞ ቁጥሮች ተጽፈዋል። ሟቹ ላክላን ወደ ጉድጓድ ሲወርድ የትኛውን ገመድ ማን እንደሚይዝ የሚለየው በዚያ ቁጥር ነው። አንድ ቁጥር የራስጌው ነው።

«አንድ ቁጥር ኢወን» አሉ አጎት ሄክተር፣ ተከራካሪ እንደሌለበት ሰው ተረጋግተው። «ግርጌውን እኔ።»

ሺና ሻይ እየቀዳች ነበር። ቀና ብላ ወንድሟን አየችው። ኢወን ከግላስጎው በባቡር ከገባ ጀምሮ ጥቁር ክራቫቱን እንኳ ሳያላላ ጥግ ይዞ እንደተቀመጠ ነው። ስሙ ሲጠራ እጆቹን ከጠረጴዛው ሥር ከተታቸው።

«የኔስ የትኛው ነው?» አለች ሺና።

ስኳር የሚያማስሉት ማንኪያዎች ቆሙ።

«ልጄ» አሉ አጎት ሄክተር፤ ድምፃቸው ውስጥ ክፋት አልነበረም፤ «ሴት እስከ መቃብሩ በር ትሸኛለች። እናቴንም ስንቀብር፣ እህቴንም ስንቀብር እንደዚሁ ነበር። እኔ ያመጣሁት ነገር አይደለም።»

«ሄክተር» አለች ምላሷ የሚፈራው ጎረቤታቸው ኤፊ ራንኪን፣ ኬኳን ሳታስቀምጥ፤ «ባለፈው ክረምት መኪናህን ጭቃ ሲውጣት በገመድ ጎትታ ያወጣችልህ ማን ነበረች? ያኔስ እስከ በሩ ብቻ አልካት?»

አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነው። አጎት ሄክተር ጆሯቸው ቀላ፤ እርሳሱ ግን አልቆመም። ሺና ወደ እናቷ ዞረች። ጄሲ ሬሳው ካረፈበት ክፍል ደጃፍ ላይ ወንበር አስጠግታ፣ በመጋረጃው የጨለመውን ክፍል እንደምትጠብቅ ሆና ተቀምጣለች። ሁሉንም ሰምታለች። ዓይኗን ግን ከመጋረጃው አላነሣችም። ሺና ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠችና ውሃ የምታመጣ መስላ ወደ ጓሮ ወጣች።

የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለች የአባቷ የሥራ ባልደረባ ካናዳ ገባ። አባቷ ላክላን የባላባቱን ደን የሚንከባከብ ሰው ነበር። በባልደረባው ምትክ ሰው ፈልጎ ሲያጣ አንድ ቅዳሜ ከቁርስ ተነሣ፣ ገመዱን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገላትና «ነይ» አላት። እሱ ዛፉ ላይ ይወጣል፤ ሊወድቅ ያዘነበለውን ቅርንጫፍ ያስራል። እሷ ከታች ገመዱን በግንዱ ላይ ጠምጥማ ጫፉን ትይዛለች። መጋዙ ሲጨርስ ቅርንጫፉ በሙሉ ክብደቱ በእጇ ላይ ይንጠለጠላል፤ ጥቂት በጥቂት እየለቀቀች ታወርደዋለች።

«በዓይንሽ አትከተዪው» ይላት ነበር ከላይ ሆኖ። «በእጅሽ ስሚው። መሬት ሲቀበለው ገመዱ ራሱ ይነግርሻል። እስከዚያ አትልቀቂ።»

አንድ ቀን የደኑ ትልቁ የባሉጥ ዛፍ ላይ ሲሠሩ ገመዱ ድንገት ተወረወረና መዳፏን ላጠው። ለቀቀችው። ቅርንጫፉ እየተገለባበጠ ወርዶ ከሥሩ የነበረውን ለጋ ዛፍ ሰባበረው። ቁጣውን ቆማ ጠበቀች። አባቷ ወረደ፣ እጇን ገልብጦ አየው፣ መሐረቡን በጅረቱ ነክሮ ጠመጠመላት። ከዚያ የወደቀውን ቅርንጫፍ ትክ ብሎ አየና ስለ ሰው እንደሚናገር ሁሉ «አየሽ፣ ብቻውን ወረደ» አለ። ሌላ አልጨመረም። ከዚያ በኋላ በያዘችው ገመድ ምንም ነገር ብቻውን ወርዶ አያውቅም።

በማግሥቱም ጎረቤት አልተቋረጠም። አንዱ የሾርባ ድስት፣ ሌላው ኬክ፣ ሌላው ኮቱ ውስጥ የሸሸገውን ውስኪ ይዞ ይገባል። ወንዶቹ ሬሳው ዘንድ ገብተው ጥቂት ይቆሙና በሹክሹክታ እያወሩ ይወጣሉ። ሁሉም የሚሉት አንድ ነበር፤ የታደለ ሰው ነው፣ አልጋ ሳይዝ፣ በሚወደው ደን ውስጥ፣ በሰላም። ሺና «ይመስገን» እያለች ኮታቸውን ትቀበላለች። በሰላም የሚለው ቃል ግን በተነገረ ቁጥር እንደ ስንጥር ይወጋታል።

ከሰዓት በኋላ እናቷ ሁለቱን ልጆች ጠራቻቸው።

«ሣጥኑ ላይ አበባ አይሁን» አለች። «ከባሉጡ ቅርንጫፍ ቁረጡለት። ሁለታችሁም ሂዱ።»

ሺና አባቷን ሞቶ ካገኘችበት ቀን ወዲህ ወደ ደኑ አልተመለሰችም። የአባቷ ውሻ ከፊት እየሮጠ፣ ኢወን በከተማ ጫማው እየተንሸራተተ፣ የድንጋዩን አጥር ተሻግረው ገቡ። ግንቦት ነው። ግንዳቸው ከነጣ የበርች ዛፎች ሥር ሰማያዊ አበቦች ውሃ የተኛ መስለው እስከ ጅረቱ ድረስ ተዘርግተዋል። ዝናቡ አባርቶ ከቅጠል ወደ ቅጠል የሚንጠባጠበው ብቻ ይሰማል። ምንም አልጎደለም። አንዲት ወፍ ባሉጡ ላይ ሆና ትዘምር ነበር፤ ሺና ድንጋይ አንሥታ ልትወረውርባት ቃጣት።

ባሉጡ ሥር ሲደርሱ ውሻው ሄዶ ሁለት ሥሮች መሐል ተኛ።

«እዚህ ነበር?» አለ ኢወን።

«እዚሁ። ቆቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ። የሆነ ነገር የሚያዳምጥ ይመስል ነበር።»

ኢወን አልተቀመጠም። «እኔንም አንድ ጊዜ ሞክሮኛል» አላት፤ «አንቺን ከማምጣቱ በፊት።» እጁ ተንቀጥቅጦ ገመዱን መያዝ እንዳቃተው፣ አባታቸውም ለማንም ሳያወራ «ይሄ ልጅ ለቁጥር ነው የተፈጠረው» ብሎ ወደ ቤት እንደላከው ነገራት። ይህን ታሪክ ሺና ሰምታው አታውቅም።

«ነገ ብለቀውስ?» አለ። «ሰው ሁሉ እያየኝ፣ ራስጌውን ብለቀውስ?»

ሺና ከባሉጡ አጠገብ ያለውን ጠፍጣፋ ድንጋይ ታይ ነበር። አባቷ ሥራ ካቆመ ወዲህ በየቀኑ ፔርሙዝና ሁለት ኩባያ ይዞ እዚህ ይመጣ ነበር። ሁለተኛው ኩባያ የሷ ነው። የዚያን ዕለት ጠዋት «አንሶላዎቹን አስጥቼ እደርስብሃለሁ» ብላው ነበር። ነፋሱ ደህና ስለነበረ ብርድ ልብሶቹንም ጨመረች። ገመዱ ላይ የመጨረሻውን ስትሰቅል ውሻው ብቻውን መጣ።

«ቀድቶልኝ ነበር» አለች። «ሰዎቹ ሳይደርሱ ደፋሁትና ኩባያዎቹን ኪሴ ከተትኳቸው። እማዬም አታውቅም።»

ኢወን ወደ ድንጋዩ አየ።

«ሞልቶት ነበር?»

«እስከ አፉ። የሱ ተጋምሷል።»

ሌላ ሰው ቢሆን «ብትደርሺ ኖሮም ምንም አታደርጊም ነበር» ይላት ነበር። ኢወን አላለም። መጥቶ አጠገቧ ቆመ፤ ትከሻው ትከሻዋን ነካው።

«ብቻውን ነው የወረደው» አለች። «ለዚህ ነው ገመዱን የፈለግሁት። ስጠኝ ግን አልልህም። አጎቴም ወንድማቸውን ነው የሚቀብሩት፤ በዚያ ቀን ጠብ አልፈልግም።»

ቢላዋውን አውጥታ ለጋ ቅጠል ያለባቸውን ሁለት ቅርንጫፎች ቆረጠች። ቅርንጫፎቹን ኢወን ይዞ ተመለሱ።

የመቃብሩ ስፍራ ከደኑ ጋር አጥር ይጋራል። በማግሥቱ ወንዶቹ ሣጥኑን በትከሻ እየተቀባበሉ አመጡት። ሴቶቹ የብረቱ በር ዘንድ ሲደርሱ፣ ማንም ቁሙ ሳይላቸው፣ እንደ ወትሮው ቆሙ። ከዚያ ሆኖ የሚታየው የጥቁር ኮት ጀርባ ብቻ ነበር። ቄሱ መዝሙረ ዳዊት አነበቡ። ነፋሱ ግማሹን ቃል ወደ ዛፎቹ ወሰደው።

«አንድ ቁጥር» አሉ አናጺው ጊልክሪስት።

ማንም ወደ ራስጌው አልወጣም። ኮቶቹ ተነቃነቁና ከመሐላቸው ኢወን ወጣ። ጀርባውን ለጉድጓዱ ሰጥቶ ወደ በሩ መጣ። ፊቱ ኖራ መስሏል። ካርዱን በሺና መዳፍ ላይ አኖረው፤ ጣቶቿንም አጠፈላት።

ሺና አልተንቀሳቀሰችም። በወንዶቹ መሐል አጎት ሄክተርን አየቻቸው፤ እሳቸውም ያዩዋታል። ያኔ ከጎኗ እናቷ ተናገረች፤ ድምፅዋ በዝምታ ብዛት ሻክሯል።

«ሂጂ፣ ልጄ። አባትሽ እየጠበቀሽ ነው።»

ሣሩ ረጅምና እርጥብ ነበር። ወንዶቹ መንገድ ለቀቁላት፤ አንዳንዱ መሬት መሬት አየ። አጎት ሄክተር ግርጌው ላይ ቆመዋል። በእጇ የያዘችውን ካርድ አዩ። ከዚያ ጎንበስ አሉና የራሳቸውን ገመድ አነሡ።

«ጓንትሽን አውልቂ» አሉ። «ገመዱ ርሷል፣ ያንሸራትታል።»

አወለቀች። ገመዱን በመዳፏ ላይ አንድ ጊዜ አዞረችው። አናጺው «በቀስታ» ሲሉ አባቷ በሙሉ ክብደቱ እጇ ላይ መጣ። እግሯን ተክላ፣ ጥቂት በጥቂት ለቀቀች። ወንዶቹ ሣጥኑን በዓይናቸው ይከተሉ ነበር፤ እሷ የደኑን ዛፎች አየች። ኢወን ከኋላዋ ሆኖ መዳፉን ጀርባዋ ላይ አሳርፏል። ከዚያ ገመዱ ነገራት። ክብደቱ ከእጇ ወጥቶ ሄደ።

«ጣሉት» አሉ አናጺው ዝቅ ባለ ድምፅ።

ገመዶቹ አንድ በአንድ ተወርውረው ክዳኑን ሲመቱ ተሰማ። የአጎት ሄክተር የመጨረሻው ነበር። ሺና ግን የሷን አልጣለችም።

ሺና ጉድጓዱ አፍ ላይ በጉልበቷ ተንበረከከች። ገመዱን በሁለት እጇ እየተቀባበለች፣ ጥቂት በጥቂት፣ ወደ ታች ሰደደችው። ጫፉ ላይ የተንጠለጠለው የክር ዘርፍ ክዳኑን ሲነካ ድምፅ አልነበረውም፤ በጣቶቿ ሰማችው። ያኔ ለቀቀች።