ሽማግሌ የላኩበት ቤት ታናሽ ወንድም

ጁወይሪያ ከጓዳው በር ጀርባ ቆማ የምትለምነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ወንድሟ ሰዓድ አፉን እንዳይከፍት። ሳሎን ውስጥ እጮኛዋ ኢብራር የላካቸው ሽማግሌዎች ተደርድረዋል። ሰዓድ ሃያ ሁለት ዓመት ሞልቶታል። በአሥራ ሁለት ዓመቱ ጦር ኃይሎች ጋ መኪና ገጭቶት ጭንቅላቱ ከተጎዳ ወዲህ ግን ያደገው ቁመቱና ጢሙ ብቻ ነው። ደስታውም ኩርፊያውም እዚያው የልጅ እንደሆነ ቀርቷል። ምስጢር መያዝማ ጨርሶ አልፈጠረበትም። እናታቸው ለዛሬ ዘነበወርቅ ሰፈር አክስቱ ቤት ይዋል ቢሉ፣ ወንድሜ ካልኖረ እኔም የለሁም ያለችው ራሷ ጁወይሪያ ናት። አሁን ጥፍሯን እየበላች ነው።

የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ ሐጂ ሀያቱ በወጉ ለመኑ። አባትየውም በወጉ ተኮፈሱ፦ ነገሩ ድንገተኛ ነው፣ ልጅቷም አልተጠየቀች፣ ዘመድም ይመክርበት፣ ሌላ ቀን ተመለሱ።

«ኧረ አባዬ፣ እሷ እኮ ድሮ እሺ ብላለች» አለ ሰዓድ። «በጉንም ገዝተን ጓሮ አስረነዋል።»

በጉም እንደተጠራ ሰው ከጓሮ «ባኣ» አለ። ሽማግሌዎቹ በሳቅ ፈነዱ፤ አንዱማ ትን ብሎት ጀርባውን ተመታ። አባትየው የሚገቡበት ጠፋቸው። ጁወይሪያ ግን ሳቁ አስፈራት። ሰዓድ ሲስቁበት ያገኘውን ይወረውራል። ይሄው የስኳር ዕቃውን አንስቷል፤ ዛሬ ሽማግሌ ከተፈነከተ ደግሞ ትዳሯ አለቀለት።

ሐጂ ሀያቱ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ወደ እሱ ዞሩ።

«ወንድሟ አንተ ነህ። እህትህን ትሰጠናለህ?»

ከአደጋው ወዲህ ሰዓድን እንዲህ ያለ ቁም ነገር የጠየቀው ሰው አልነበረም። የስኳር ዕቃውን ቀስ አድርጎ አስቀመጠ። ኮሌታውን አስተካከለና ልክ እንደ አባቱ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ነገሩ ድንገተኛ ነው» አለ። «ሌላ ቀን ተመለሱ።»

ሐጂ ሀያቱ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እሺ አሉና ተነሱ። ሌሎቹም ሳቅ እንዳያመልጣቸው ከንፈራቸውን ነክሰው ተከተሏቸው። በሩ ሲዘጋ ጁወይሪያ ከጓዳ ወጥታ፣ መሳቋን ይሁን ማልቀሷን ሳታውቀው፣ ሰዓድን አንገቱን አቅፋ ምን ነካህ አለችው።

«ትልቅ ሰው ወዲያው እሺ አይልም» አላት። ከዚያ ጆሮዋ ሥር ጨመረ፦ «እስኪመለሱ ደግሞ እዚሁ ነሽ።»

በሳምንቱ ሽማግሌዎቹ ተመልሰው አባትየውን ሰላም አሉና አልፈው ሰዓድ አጠገብ ተቀመጡ። እሱም ወደ ጓዳው በር አንዴ አየት አድርጎ፣ እሺ አለ።