ልኳን ላሳያት

ቤተሰቡ ትልቋን «ድንቡሼ»፣ ትንሿን «መቃ» እያለ አሳደጋቸው። በፍቅር ነው አሉ። ፍቅሩስ በቀረባት! ድንቡሼ አድጋ፣ ልብስ ሰፊ ሆና፣ የራሷን ሱቅ ከከፈተች በኋላ እንኳ በትልቁ መስታወት ፊት ባለፈች ቁጥር ጎኗን ይዛ ሆዷን ትስባለች። ደንበኛ ከበር ስትገባ አይታ ብቻ ወገቧን ትነግራታለች፤ በሜትር ቢለካ ዝንፍ አይልም። የራሷን ወገብ ግን አንድ ቀን ለክታው አታውቅም።

መቃ የሠርግ ቀሚሴን ስፊልኝ ብላ ስትመጣ የድንቡሼ አንጀት እርር አለ። እንዴት አይርር? ይቺ ልጅ እንዳሻት ትበላለች፣ የት እንደሚገባ አይታወቅም። ድንቡሼ ግን ውሃ ብትጠጣ ሥጋ የሚሆንባት ይመስላታል። ስትለካት ሜትሩ የእህቷን ወገብ ዞሮ ገና ብዙ ተረፈው። መቃም ለጨዋታ ያህል፣ «እትዬ፣ ወፈርኩ እንዴ?» ብላ ሳቀች።

ድንቡሼ ደሟ ፈላ። ቆይ፣ ልኳን ባላሳያት፣ አለች በሆዷ።

ቀሚሱን ስትሰፋው ታዲያ በግራና በቀኝ ጎኑ ሁለት ሁለት ጣት ወደ ውስጥ አስገብታ አጠበበችው። ክፋት አይደለም ብላ ራሷን አሞኘች። አንዴ ብቻ ዚፕ እምቢ ሲል ምን እንደሚመስል ትቅመሰው፤ ከዚያ ተርትሬ አሰፋላታለሁ፣ ትርፉን ጨርቅ መች ቆረጥኩት?

ልትሞክረው የመጣች ዕለት ዚፑ መሃል ጀርባዋ ላይ ቀጥ አለ። ድንቡሼ ደስ ሊላት ተዘጋጅታ በመስታወቱ የእህቷን ፊት አየች። መቃ አልሳቀችም። ጎኗን ያዘች፣ ሆዷን ሳበች፤ ቁርጥ ታላቋን። ደስታው የት እንደገባ እንጃ። ድንቡሼ ቶሎ ብላ አውልቂው ላስፋልሽ ብትላት መቃ ቀሚሱን አውልቃ፣ አጣጥፋ ይዛው ሄደች።

በማግስቱ እናታቸው ደውለው ልጅቱ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም አሏት። ድንቡሼ ሱቋን ዘግታ እየሮጠች ሄደች። መቃ ምሳዋ ፊቷ ቀርቦ ተቀምጣለች፤ ቀሚሱ ወንበር ላይ ተሰቅሏል።

«ያጠበብኩት እኔ ነኝ» አለቻት። «ቀንቼብሽ ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ ቀንቼብሻለሁ።»

መቃ አቅፋ ሳመቻት። «እኔን ለማጽናናት ብለሽ ነው። ያንቺ እጅ መቼ ተሳስቶ ያውቃል?»

ድንቡሼ ማለች፣ ተማጠነች። አላምን ብትላት ቀሚሱን ገልብጣ በስፌቱ ውስጥ የታጠፈውን ትርፍ ጨርቅ አሳየቻት። መቃ በጣቷ ዳሰሰችው፤ ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ይኸው፣ እንደምወፍር አውቀሽ ነው የተውሽልኝ።»

ድንቡሼ መቀሷን ከቦርሳዋ አውጥታ ስፌቱን ልትተረትር ስትል መቃ እጇን ያዘቻት፣ በሌላ እጇም ሳህኑን ገፋ አደረገችው። ድንቡሼ ዕድሜ ልኳን ሞክራው እንዲያ ሳህን መግፋት አልሆነላትም፤ አፈር በበላሁ እያለች እንኳ እዚያው ላይ ቀናችባት።

«አትተርትሪው፣ እትዬ» አለች መቃ። «እኔው ልክ እሆናለሁ።»