ቀዩ መብራት ሲጠፋ

ሰራዊትን ያኔ አንቱ እለው ነበር። አሶሳ አውሮፕላን ማረፊያ፣ መቆጣጠሪያ ማማው ላይ ሥራውን ያስለመደኝ እሱ ነው፤ ለሰርጌ በግ ጎትቶ የመጣ አለቃዬ። አሁን አንቱታው አይገባውም፤ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ሰኔ ላይ ለስደተኞች እህል የጫነ አውሮፕላን መጣ። አብራሪው የውጭ ሰው ነው፤ እንግሊዝኛው ከሸመደዳቸው ጥቂት ቃላት አያልፍም። የአዲስ አበባው አውሮፕላን ደግሞ መንገደኞቹን ይዞ ለመነሳት አስፋልቱ ላይ ቆሟል። «አትረፍ፣ ወደ ላይ ተመለስ» አልኩት በእንግሊዝኛ። «ሮጀር»፣ ገባኝ ማለቱ ነው፣ አለና መውረዱን ቀጠለ። ደገምኩለት። «ሮጀር»። ሰውየው ያልገባውን ሁሉ ሮጀር ነው የሚለው! በመሃል ከረዳቱ ጋር በአረብኛ ሲጨቃጨቅ በሬዲዮው ይሰማኛል።

ሰራዊት ከኋላዬ ሆኖ «ኢንዓም፣ በአረብኛ ንገሪው! ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ!» ብሎ ጮኸ። እኔ የሱዳን ድንበሯ የኩርሙክ ልጅ ነኝ፤ አረብኛን ገበያ ውስጥ እናቴ ጉያ ሆኜ ነው የለመድኩት። የማይኩን ቁልፍ ተጭኜ ነገርኩት። አውሮፕላኑ እያገሳ ከቆመው በላይ አልፎ ወጣ።

የአዲስ አበባው ካፒቴን ግን ከሰሰ። እሱ አልተሳሳተም፤ ሬዲዮው ላይ ሁሉም የሚሰማው ቋንቋ ካልተነገረ አንዱ አብራሪ ሌላው የት እንዳለ አያውቅም። መርማሪዎች መጥተው ቅጂውን አሰሙን። መቅጃው የማማውን ድምፅ የሚቀዳው ቁልፉ ተጭኖ ቀዩ መብራት ሲበራ ብቻ ነው። የኔ አረብኛ አለ፤ የሰራዊት ጩኸት የለም። ዞሬ አየሁት። አሁን ይናገራል ብዬ ነበር፤ ወላሂ አልተጠራጠርኩም።

«እኔ አላዘዝኳትም» አለ። ይባስ ብሎ «እነዚህ ልጆች ጎበዞች ናቸው፤ ግን አረብኛ ሲሰሙ ራሳቸውን ይረሳሉ» ሲል ጨመረ።

እነዚህ ልጆች! እኛን የአገሩን ተወላጆች ማለቱ ነው። ክህደቱን እንኳ ልቻለው። እሱ ራሱ ፓዌ ሰፈራ ጣቢያ ያደገ ነው፤ ሰፋሪ ሲሉት እንዴት እንደሚያመው ስንቴ ነግሮኛል። የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ ከተደገመ የሥራ ፈቃዴን እነጠቃለሁ። ስንወጣ «አይዞሽ፤ ልጆች አሉኝ እኮ» አለኝ። እኔስ ድንጋይ ነው የማሳድገው?

ነሐሴ ላይ ሌላ እህል ጫኝ መጣ። ዝናቡ ዶፍ ነው። ከብት ሊያባርር የገባው የእሳት አደጋ መኪና አስፋልቱ መሃል ሞተሩ ጠፋበት። «ተመለስ» አልኩ በእንግሊዝኛ። «ሮጀር» ብሎ ይወርዳል። ይኸኛውም ከረዳቱ ጋር የሚያወራው በአረብኛ ነው።

ሰራዊት ከኋላዬ ይንቆራጠጣል። «ኢንዓም፣ ንገሪው በናትሽ!» አለ።

ቁልፉን ተጫንኩ። ቀዩ መብራት በራ። «ጋሽ ሰራዊት፣ በምን ቋንቋ ልንገረው? ይዘዙኝ» አልኩ ጮክ ብዬ።

አፉን ከፈተ። መብራቱን አየና መልሶ ገጠመው።

ሾፌሩ ሙዐዊያ አሁንም መኪናው ውስጥ ነው፤ ሞተሩን ለማስነሳት ሲታገል በመስኮቱ ይታየኛል። ከዚህ በላይ መጠበቅ አልቻልኩም። «ወንድሜ፣ አትውረድ! መንገዱ ላይ ሰው አለ!» አልኩ በአረብኛ። ፈቃዴን በገዛ አፌ እየሸኘሁት እንደሆነ አውቃለሁ። አውሮፕላኑ አፍንጫውን ቀና አድርጎ ደመናው ውስጥ ገባ።

ጣቴን ከቁልፉ ላይ አነሳሁ። መብራቱ ጠፋ።

«ተባረኪ፣ የኔ ልጅ» አለኝ ሰራዊት።