ግራው የወጣበት ሰው

የሥራ ባልደረቦቹ «ውሃ ልክ» ነው የሚሉት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሴራሚክ ሲያነጥፍ፣ ወለሉ የፀጉር ያህል ቢያዘነብል ቆሞ በዓይኑ ብቻ ስለሚይዘው ነው። ከወር በፊት ግን ጭንቅላቱ ውስጥ አንዲት የደም ሥር ተዘጋችና ያ የተመካበት ዓይን ጉድ ሠራው። እጅና እግሩ ተርፈዋል፤ ምላሱማ እንዲያውም ብሶበታል። የጠፋው የዓለም ግራ ጎን ነው።

«ዓይንዎ ደህና ነው፣ አባት» አለችው ሐኪሟ። «አእምሮዎ ነው ግራውን የሚረሳው። ሐሙስ እንደገና እፈትንዎታለሁ። ግራዎን ፈልገው ማግኘት እስኪለምዱ ድረስ መቁረጫ ማሽን አጠገብ እንዳይደርሱ።»

«ሌላው ሰው ግራ ይገባዋል፤ ከእኔ ግን ግራው ወጣ በይኛ» አላት።

ሐኪሟ ሳቀች። እሱ አልሳቀም። ያለ መቁረጫ ማሽን የሴራሚክ ሥራ የለም። ማንጠፍ የጀመረው የትምህርት ቤት መወጣጫ ደረጃ ግማሹ ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል፤ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ ደግሞ ተፈጥሮው አይደለም።

ልምምድ ይሆነዋል ብላ ልጁ አሮጌ ስልኳ ላይ ጨዋታ ጫነችለት። ስምንት በስምንት የተከፋፈለ ባዶ ሰንጠረዥ አለ። ከሥሩ ቅርጻቸው የተለያየ ጡቦች ሦስት ሦስት እየሆኑ ይመጣሉ፤ በጣት እየጎተቱ ክፍቱ ላይ መግጠም ነው። «ይሄማ ሥራዬ ነው» ብሎ ጀመረ። የመጀመሪያው ቋሚ ረድፍ ሞልቶ ብን ሲል ግን ስልኩን ሊወረውረው ምንም አልቀረው።

«የት ሄደ?»

«ከሞላ ይጠፋል፣ አባዬ። ነጥብ የምታገኘው ሲጠፋ ነው።»

«እኔ የማነጥፈው እንዲቀመጥ ነው እንጂ እንዲጠፋ ነው? የትኛው ቀበጥ ነው ይሄን ያወጣው?»

ቢሆንም ሰኞ ሲጫወት ዋለ፣ ማክሰኞም ሲጫወት ዋለ። ቋሚው ረድፍ ይሞላለታል፤ አግድሙ ግን አንድም ጊዜ አልሞላ አለው። ትንሽ ቆይቶ ጨዋታው «ቦታ የለም» ብሎ ይዘጋበታል።

«ያጭበረብራል» አለ።

«በግራ በኩል ሁለት ረድፍ ባዶ ነው፣ አባዬ።»

«የታለ?»

ጣቷን አስቀምጣ አሳየችው። ጣቷን ሲከተል ባዶው አለ፤ ጣቷን ስታነሳ የለም። ተነሳ፣ ወደ በረንዳው ሊወጣ ሲል የበሩ መቃን ግራ ትከሻውን ገጨው፣ ተመልሶ ተቀመጠ፣ አሁንም ተነሳ።

ከሁሉ የከነከነችው ግን ሚስቱ ናት። ልብስ ሰፊ ናት፤ የምትሠራውም እዚሁ ቤት ነው። ከታመመ ወዲህ ግን አጠገቡ ዝር ብላ አታውቅም። ድምጿን ይሰማል፤ ወደ ወጥ ቤቱ ቢያይ የለችም። ምግቡንም ቀንሳበታለች፤ ገና ሳይጠግብ ሳህኑ ያልቃል። ሰልችቻታለሁ ብሎ ደመደመ። ይህንን ለማንም አልተነፈሰም።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ልጁ ሥራ ሄዳለች፤ እሱ ሶፋው ላይ ተቀምጧል። ፈተናው ነገ ነው። ስልኩን ያዘ፣ አስቀመጠ፣ ያዘ። አምስቴ ተሸነፈ። ስድስተኛው ላይ ራሱን ጠየቀ፦ አዲስ ክፍል ስገባ መጀመሪያ ምን አደርጋለሁ? መሀል ወለል ላይ አልጀምርም። ግድግዳውን በእጄ እፈልጋለሁ፣ ከዚያ ሲባጎ እወጥራለሁ።

የግራ አውራ ጣቱን የስልኩ ጠርዝ ላይ አስደገፈ። ጣቱ እስኪታየው ድረስ ዓይኑን ገፋ። አልታየውም። አሁንም ገፋ፤ አንገቱም አብሮ ዞረ። ስሚንቶ የበላው ጥፍሩ ብቅ አለ። ከጥፍሩ ቀጥሎ እነዚያ ሁለት ባዶ ረድፎች ቁጭ ብለዋል።

አንዱን ጡብ ጎትቶ ግድግዳው ሥር ገጠመው። አግድሙ ብን አለ። ሌላ ጨመረ፤ ያም ብን አለ። የሠራው ሲጠፋ ደስ ሲለው በዕድሜው የመጀመሪያው ነው።

ግን አላስቻለውም። ስልኩ ግራ ግድግዳ ካለው ክፍሉም ሊኖረው ነው። ስልኩን ጭኑ ላይ ጥሎ የሶፋውን መደገፊያ በግራ እጁ ፈለገ። እጁ ያገኘው ጨርቅ ነው። ከጨርቁ ሥር ጉልበት አለ። ዓይኑን እስከዚያ ገፋ።

ሚስቱ ናት። የሰው ሱሪ ዘርግታ ቁልፍ ትተክላለች። ፊት ለፊቷ ጠረጴዛው ላይ የምሳ ሳህኑ አለ፤ ግራ ግማሹ አልተነካም።

«መቼ መጣሽ?» አላት።

መርፌዋን አቆመች። «ከሆስፒታል ከወጣህ ጀምሮ እዚሁ ነኝ። ሐኪሟ በግራው ተቀመጪ፣ እሱ ራሱ ፈልጎ ያግኝሽ አለችኝ። ስጠራህ ግን ወደ ወጥ ቤት ታያለህ።»

አፈረ። እንባው ሲመጣበት ሊደብቅ ፊቱን ወደ ቀኝ አዞረ፤ ወዲያው እንዳያጣት ፈርቶ ተመለሰ። አለች።

«ምን ሆንክ፣ አንተ ሰውዬ?»

«ግራ ገባኝ» አላት፤ ጉልበቷን ሳይለቅ።