የኋላው አግዳሚ

«ለመሆኑ ይሄን ሁሉ ገንዘብ ብቻውን የሚበላው በሽተኛ ማነው?»

ሎሬት እንድትመልስ ያልተፈቀደላት ጥያቄ ይህ ነበር። ጠያቂው ላም አርቢው ሽማግሌ ታርቦክስ ናቸው፤ በየዓመቱ መጋቢት ላይ በሚደረገው የኮርብሪጅ ነዋሪዎች ስብሰባ ሳይናገሩ ውለው አያውቁም። አዳራሹ ሳቀ። ሎሬት ከኋላው አግዳሚ ላይ ጉልበቷን ጨብጣ ተቀመጠች። በሽተኛዋ የራሷ ልጅ ኖኤል ነበረች፤ አንጀቷን እያቆሰለ የሚያደማት ሕመም ይዟታል።

ሎሬት የኮርብሪጅን መንገድ ከበረዶ የምትጠርግ ሾፌር ናት፤ የምትኖረው ግን ኪራይ በሚረክስባት በጎረቤት ከተማ በሎውዴን ነው። በስብሰባው ላይ ደግሞ ከሌላ ከተማ የመጣ ሰው ከኋላ ይቀመጣል። እጅ አያወጣም፤ ከነዋሪዎቹ አንዱ ካልጠየቀለትም አይናገርም።

ኮርብሪጅ፣ ሎውዴንና ሌሎች በአሜሪካ የሜይን ግዛት ሰሜን ያሉ ትንንሽ ከተሞች ኢንሹራንስ ከመግዛት ይልቅ ወደ አንድ ቋት እያዋጡ የሠራተኞቻቸውንና የቤተሰቦቻቸውን ሕክምና ራሳቸው ይከፍላሉ። የአንዱን ሕመም ሁሉም ይሸከሙታል። ዘንድሮ ግን መዋጮው ጨመረ፤ አንድ የኢንሹራንስ ኩባንያም በርካሽ ልሸፍንላችሁ ብሎ መጣ። ኩባንያው ውዱን መድኃኒት የሚፈቅደው በሽተኛው ርካሹን እንደ አዲስ ሞክሮ ካልሠራለት ብቻ ነው፤ በፊት የተሞከረ አይቆጠርም። ኖኤል አሁን የምትወስደው ውዱን ነው፤ ርካሹን በፊት ሞክራዋለች። ደም ሲፈሳት ሆስፒታል የከረመችው ያኔ ነው።

«ስም አይነሳም፣ ሚስተር ታርቦክስ» አሉ ሰብሳቢዋ ሚስስ ዊትካም።

«መች ስም ጠራሁ? ላሜ ስትታመም ማንም አዋጥቶልኝ አያውቅም ነው ያልኩት!»

«ላምዎ መንገድ ትጠርጋለች እንዴ?» አለች አንዲት ሴት ከመሃል። እንደገና ተሳቀ።

ሰብሳቢዋ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁ። «ከኋላ ካሉት ሠራተኞች አንዱ ይናገር የሚል ነዋሪ አለ?»

ሎሬት ከነዋሪዎቹ መሃል የተቀመጠውን የሥራ ጓደኛዋን አርማንን አየችው። ስንት ክረምት በአንድ መኪና አብረው በረዶ ጠርገዋል። ኖኤል ሆስፒታል ስትተኛ ፈረቃዋን የሸፈነላት እሱ ነው። የኮርብሪጅ ነዋሪ ስለሆነ «ትናገር» የሚል አንድ ቃል ይበቃው ነበር። አርማን ጫማውን አየ። ከተማዋ ከቋቱ ብትወጣ የሚተርፈው ገንዘብ ለሠራተኛው ደመወዝ እንደሚጨመር ሰምቷል።

«የለም? እሺ። ከቋቱ እንውጣ የምትሉ፣ እጅ።»

የአርማን እጅ እስከ ጆሮው ድረስ ብቻ ወጣች። እንዲያም ሆኖ ተቆጠረች። እንውጣ ያሉት በለጡ።

ለምሳ የተዘጋጀው ባቄላ መጨለፍ ሲጀምር አርማን ሁለት ሳህን ይዞ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ሎሬት፣ ስሚኝ…»

«ብላ፣ ይቀዘቅዝብሃል።»

«ሚስቴ እኮ ሥራ ካቆመች ቆየች። ቤቱን ባንክ ሊወስድብን ነው። ምን ላድርግ?»

«ምን አልኩህ?»

«እሱ ነው እኮ! ስደቢኝ በቃ፤ ዝም አትበይኝ።»

«ለመሳደብም ፈቃድ ያስፈልገኛል፤ የኋላ አግዳሚ ነኝ።»

አርማን ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም።

ሎሬት ሳህኑን ሳትነካ ወጣች። በረዶ መጣል ጀምሯል። የሎውዴን የመንገድ ሥራ አለቃ ወደሆኑት ወደ ሚስተር ኬዝ ደውላ ሥራ ጠየቀች። ሎውዴን ባለፈው ሳምንት ተሰብስባ በቋቱ እንቆይ ብላለች።

«ሾፌር እየፈለግን ነው፤ ግን ደመወዛችን ከነሱ ያንሳል» አሏት።

«ልጄንስ… እዚያም ማነው ብለው መጠየቃቸው ይቀራል?»

«አይቀርም። ከተሞቹ ሲያንሱ ሸክሙ ለኛም ይብሳል፤ አልዋሽሽም። ግን አንቺ የዚህ ሰው ነሽ። ከፊት ተቀምጠሽ ትመልሺላቸዋለሽ።»

«እሺ፣ እመጣለሁ» አለቻቸው። ተመልሳ ወደ አዳራሹ ገባችና የበረዶ መኪናውን ቁልፍ ከአርማን ሳህን አጠገብ አስቀመጠች።

«ድልድዩ ጋ ስትደርስ ቀስ በል፤ ፍሬኑ ወደ ግራ ይጎትታል» አለችው።

በበጋው ኮርብሪጅ ከቋቱ ወጣች፤ ሎውዴን በቋቱ ቆየች። አርማን ኮርብሪጅ ቀረ። ሎሬት ለሎውዴን ልትሠራ ሄደች።