የለገሰ መርዶ

ፋናዬ ከአገር ቤት ስትደውል ተስፋጽዮን አትላንታ፣ ሚድታውን በሚሠራበት ሆስፒታል አንድ አዛውንት በዊልቸር ወደ ኤክስሬይ ክፍል እየገፋ ነበር። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ዝም አለው። ደግማ ደወለች። ሽማግሌውን አስረክቦ ኮሪደሩ ጥግ ላይ ሲያነሳው፣ ለቅሶ ባደከመው ድምፅ «እማዬን ዛሬ ቀበርናት» አለችው።

ፋናዬ የለገሰ እህት ናት። ተስፋጽዮንና ለገሰ አብሮ አደጎች ናቸው፤ ልጅ ሳሉ ከአንድ ትሪ የበሉት በእነ ለገሰ እናት በእትዬ መነን ቤት ነው። ተስፋጽዮን ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። አልቅስ አልቅስ አለው፤ በአጠገቡ ነርሶች እየሳቁ ስለሚያልፉ ዋጠው።

«እንደተኳረፋችሁ አውቃለሁ» አለች ፋናዬ። «ግን እዚያ አገር ሌላ የማውቀው ሰው የለኝም። ለገሰ በስልክ እንዳይሰማ፣ አደራህን። ሰብሰብ ብላችሁ ሂዱለት።» ከዚያ ጨመረች፤ «ኦክስጅን አልቆ ነው፣ ተስፍዬ። ሐኪሙ ሲሊንደሩን እየመታ ባዶ ነው አለን። በዓይናችን እያየናት...» አልጨረሰችውም።

የኩርፊያውን ነገር መናገር ግድ ነው። ለገሰ ቀን ቀን መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ይነዳል፤ ከሥራ ሲመለስ ደግሞ ከአትላንታ ወጣ ብሎ ሮዝዌል ካለው አፓርታማው «የክልላችን ድምፅ» የሚባል ፕሮግራም በዩቲዩብ ላይቭ ያስተላልፋል። ወሬው ሁልጊዜ ያው ነው፤ ክልላቸውን የሚመራው ፓርቲ፣ የተቋረጠው ውሃ፣ ሐኪም የሌለው ሆስፒታል። ክልሉ በጀቱን የያዘብኝ ፌዴራሉ ነው ይላል፤ ፌዴራሉ ሆስፒታሉ የክልሉ ነው ይላል፤ ለገሰ መሀል ገብቶ ሁለቱንም ያብጠለጥላል። ሐቁን ለመናገር ከሚለው ብዙው እውነት ነው። ችግሩ እሱ ዘንድ መሀል ሰፋሪ የለም፤ አብሮት ያልተሳደበ ሁሉ ካድሬ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት የክልሉ ጤና ቢሮ ሰዎች ለከተማቸው ሆስፒታል የኦክስጅን ማምረቻ መግዣ ሊለምኑ አትላንታ መጡ። ተስፋጽዮን ከአስተባባሪዎቹ አንዱ ሆነ። ለገሰ «ለፓርቲ ኪስ አንድ ዶላር እንዳትሰጡ!» እያለ ሳምንቱን ሙሉ ጮኸ፤ የአስተባባሪዎቹን ስም አንድ በአንድ ጠራ፤ ተስፋጽዮን ላይ ሲደርስ «አብሮኝ ያደገው ካድሬ» አለው። ገንዘቡ ሊሰበሰብ በታሰበበት ምሽት አዳራሹ ወና ሆነ። ማሽኑም ሳይገዛ ቀረ። ገንዘቡ ቢሰበሰብ ፓርቲው ይበላው ነበር? ሊሆን ይችላል። ተስፋጽዮን ራሱ እርግጠኛ አልነበረም፤ እርር ድብን ያደረገውም ይኸው አለማወቁ ነው። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም።

እንግዲህ መርዶ እንዴት እንደሚነገር አትላንታ ያለ ሐበሻ ሁሉ ያውቃል። ሰውየው ለሥራ ሳይወጣ፣ ገና ጎሕ ሲቀድ፣ ወዳጅ ዘመድ ተሰባስቦ በሩን ያንኳኳል። በሩን የከፈተ ሰው ደጁ ላይ ያንን ሁሉ ሰው ሲያይ ወዲያው ይገባዋል። ማንም ምንም አይልም፤ የሚናገረው የሰዉ ብዛት ነው። ሲወድቅ የሚይዘውም ያው ሰው ነው።

ተስፋጽዮን ሺፍቱን እንደጨረሰ መኪናው ውስጥ ሆኖ ስልክ መምታት ጀመረ። መጀመሪያ የኮሚኒቲው ሊቀመንበር ጋሽ ኃይሉ ዘንድ ደወለ።

«ነፍሳቸውን ይማር» አሉ ጋሽ ኃይሉ። «እኔን ግን ሌባ ብሎ በሰደበኝ ሰው ደጅ ቁም አትበለኝ።»

«ጋሽ ኃይሉ፣ ለእናቱ ሲሉ...»

«ለእናቱማ እጸልያለሁ፣ ልጄ።»

ሱልጣን ባለ ሬስቶራንት ነው። አዳራሹን ለጤና ቢሮ እንግዶቹ ስላከራየ ለገሰ «ከዚህ ሰው ቤት እንዳትበሉ» ብሎበታል። «ወላሂ ምግብ እልካለሁ» አለ። «የፈለግከውን ያህል፣ ፍሪ! መሄዱን ግን ተወኝ። ደግሞ ያ ሁሉ ሰብስክራይበር አለው አይደል? እነሱ ይሂዱለታ!»

የለገሰን ቪዲዮ ኤዲት ታደርግ የነበረችውና ተሰድባ የወጣችው ሉሊት ደግሞ ጥቂት አለቀሰች። «ኦ ማይ ጋድ፣ ተስፍሽ፣ አይ ፊል ሶ ባድ። ግን ነገ ሞርኒንግ ሺፍት ነኝ፣ ላይክ፣ ካንስል ማድረግ አልችልም።» ከሌላ ሰው ጋር መቀያየር እንደምትችል ሁለቱም ያውቃሉ። ተስፋጽዮን «እሺ፣ ግድ የለም» አላት። ከራሱ ቤተ ክርስቲያን ወንድሞችን ልውሰድ ብሎም አስቦ ነበር፤ ለገሰ የማያውቃቸውን ወንዶች ደጁ ላይ ቢያይ ሊደበድቡኝ መጡ እንደሚል ሲገባው ተወው።

ይህን ሲያደርግ ፕሮግራሙ የሚጀመርበት ሰዓት ደረሰ። ወሬው ደግሞ አገር ቤት ተዳርሷል። አንዱ ባለጌ ኮሜንት ላይ ቢጽፈውስ? ተስፋጽዮን ከሦስት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የለገሰን ቻናል ከፈተ።

ለገሰ ሸብቷል። ከኋላው የክልሉ ካርታ ተሰቅሏል፤ የማይኩ ሽቦ በፊቱ ይታያል። ስለ ሆስፒታሉ ነው የሚያወራው፤ ሌላ ስለ ምን ሊያወራ ኖሯል! «ነገ የማን እናት ናት ተረኛዋ?» እያለ ጠረጴዛውን ይደበድባል። ተስፋጽዮን ዓይኑን ከኮሜንቱ ላይ ሳይነቅል፣ ጌታ ሆይ አደራህን፣ ጌታ ሆይ አደራህን ይላል። በመሀል አንድ ሰው «ነፍስ ይማር» ብሎ ጻፈ።

ለገሰ ጠጋ ብሎ አነበበውና ሳቀ። «እዩልኝ ይሄን ካድሬ! በቁሜ ነፍስ ይማር ይለኛል! ወንድሜ፣ ገና አልሞትኩም። ብሎክ ተደርገሃል።» ሳቁ ረዘመ። አብሮት የሚስቅ ሰው ክፍሉ ውስጥ ስለሌለ ድምፁ ባዶ ቤት ውስጥ የሚጮህ ሬዲዮ መሰለ። ተስፋጽዮን ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። ያን ሁሉ ጊዜ ጠላሁት ሲል የኖረው ይህን ብቸኛ ሰው ነው? ከራሱስ ቤት ማን ነበር የሚጠብቀው?

በማግስቱ ሲነጋጋ ሮዝዌል ደረሰ። ጥቁር ጃኬት ለብሷል። ደጁ ላይ ቆሞ፣ ምናልባት አንዱ ሐሳቡን ለውጦ ይመጣ እንደሆነ ብሎ ጠበቀ። የመጣ የለም። አንኳኳ።

ለገሰ በቱታ ሆኖ ከፈተ። ግራ ቀኝ አየ፤ አንድ ሰው ብቻ ነው። ተስፋጽዮን ፊቱ ላይ ድንጋጤ ሲጠብቅ ያየው ደስታ ሆነ።

«ይኸው! መጣህ!» አለ ለገሰ። «እንደምትመጣ አውቅ ነበር እኮ! ትናንት ስታየኝ ነበር አይደል? ግባ፣ ግባ።» ክንዱን ይዞ ጎተተው። «ልንከራከር ነው? ላይቭ? ጥሩ! አንተ የነሱን ወገን ይዘህ፣ እኔ ያው የኔን። ሰው እንዴት እንደሚያየው ታውቃለህ? ሥራ ልቅር ዛሬ፣ ኮል አደርግላቸዋለሁ።»

ተስፋጽዮን ይህን አላሰበውም ነበር። ብቻውን የመጣ ሰው መርዶ ነጋሪ አይመስልም። ለገሰ ወንበር ፍለጋ ይሯሯጣል፤ ቤቱ ውስጥ ያለው ከማይኩ ፊት ያለው አንድ ወንበር ብቻ ነው። እሱን ለእንግዳው ሰጠና ራሱ የውሃ ካርቶን ላይ ተቀመጠ።

«ለገሰ።»

«ቆይ፣ መብራቱን ላስተካክለው።»

«ለገሰ፣ መብራቱን ተወው።»

ብዙ ሰው ሆኖ መምጣቱ ለካ ለነጋሪውም ኖሯል። በየሰዉ ቤት ስንት መርዶ ሄዷል፤ ቃሉን ግን አንድም ቀን ከአፉ አውጥቶ አያውቅም፤ የትኛው ቃል እንደሆነም አያውቀውም። ተነሳ፤ ካርቶኑ አጠገብ ተንበረከከ፤ ሁለቱንም እጆቹን ያዘው። እትዬ መነንን ዕድሜ ልኩን እማዬ ይላቸው ነበርና እንደዚያው ሊጠራቸው ሲል «እማ...» ብሎ ቀረ።

ለገሰ እጆቹን አየ። ጥቁሩን ጃኬት አየ። ቀስ ብሎ የመስኮቱን ንጋት አየ።

«መቼ?» አለ።

«ትናንት ቀበሯት።»

አልጮኸም። ካሜራ ፊት እንደዚያ የሚጮኸው ሰው ድምፁ ጠፋ። ተስፋጽዮን አቅፎት አለቀሰ፤ የራሱንም የእሱንም ድርሻ። ሁለት ሰው ለቅሶ አይሞላም፤ ቤቱ ቶሎ ቶሎ ጭር ይላል። ጎረቤት አንድ ጊዜ ግድግዳውን መታ።

«ሆስፒታል ነበረች?»

«አዎ።»

«ኦክስጅን ነበራቸው?»

ሦስት ዓመት ሙሉ ተስፋጽዮን ይህን ጥያቄ በልቡ ሲመልስ ኖሯል። መልሱ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር፤ ያን ቀን ሰው ባታስቀር ኖሮ፣ የሚል። የለገሰን ፊት ሲያይ ቀዘቀዘ።

«ነበራቸው» አለ። «ዕድሜ ነው የወሰዳት። ተኝታ ነው የሄደችው።»

ለገሰ ራሱን ነቀነቀ። ማመን ፈልጎ ያመነ ይመስላል። ከዚያ እንደ ባነነ ሰው ወደ በሩ ዞረ።

«ሌሎቹስ?»

ተስፋጽዮን የጋሽ ኃይሉን፣ የሱልጣንን፣ የሉሊትን ድምፅ አስታወሰ። የዚህን ሰው እናት ሞት ተናግሯል፤ ይህኛውን መናገር ግን አቃተው።

«ፓርክ እያደረጉ ነው» አለ።

ለገሰ ተነሳ። ፊቱን በእጅጌው ጠረገ፤ የተሰቀለውን ካርታ ጥቅልል አድርጎ ጥግ አስቀመጠ፤ ሰው እንዲቀመጥ ምንጣፉን ዘረጋ። ከዚያ መስኮቱ ጋ ሄዶ መጋረጃውን ገለጠ። ተስፋጽዮንም አጠገቡ ቆመ። አንዲት መኪና ገባችና ከታች ቆመች።

«እነሱ ናቸው?» አለ ለገሰ።

«አይ» አለ ተስፋጽዮን፣ «ገና ናቸው።»